የኤልፍነሽ ሽምግልና

ኤልፍነሽ የምሥራች ሲኖራት ስልክ መደወል የሚባል ነገር አታውቅም፤ በር ትደበድባለች። ስኮትዴል ውስጥ በአንድ አፓርታማ ግቢ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ በሮች ስንኖር ስንት ጊዜ በሬን እንደደበደበች እግዜር ይወቀው። የዚያን ዕለት ረቡዕ ግን አደባደቧ ሌላ ነበር። እኔ ከኤርፖርት ሹፍርናዬ ተመልሼ፣ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ በሰላም ተቀምጬ ነበር። እግሬን እንኳ ሳላደርቅ ተነሥቼ ምንጣፉን እያረጠብኩ ከፈትኩላት።

የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የአረጋውያን መጦሪያው ባጅ ደረቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ገብታ መሐል ቤት ቆመች።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ልጄ ሊያገባ ነው!» አለች። ተቃቅፈን ሳንጨርስ ደግሞ፣ «ጋሽ ካሳሁን፣ ልጄ ሊያበላሸው ነው!» አለች።

ሁለቱ ዜና በአንድ ትንፋሽ ሲመጣብኝ ግራ ገባኝ። ቁጭ በይ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ኤልቃና ከሳሮን ጋር መዋደዱን የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሁሉ ካወቀ ቆይቷል። አሁን ሁለቱ ልጆች ተማክረው ቤተሰቦቻቸው እሑድ አብረው እራት እንዲበሉ ቀጠሮ ይዘዋል። ቦታው ቢዩፎርድ ሃይዌይ ላይ ያለ የቻይናዎች የዓሳ ምግብ ቤት ነው፤ የሳሮን ቤተሰብ በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ እዚያ ይበላል። ኤልቃና ለእናቱ የነገራት፣ «ማሚ፣ ኖ ስትረስ። ካዡዋል ዲነር ነው። ላይክ፣ በቃ ትተዋወቃላችሁ» ብሎ ነው።

«ካዡዋል!» አለች ኤልፍነሽ እጇን አጨብጭባ። «ልጅቷን ሳልጠይቅ ከአባቷ ጋር ማዕድ ልቀርብ? አፌን በሽሪምፕ ሞልቼ ‹ልጅዎን ለልጄ› ልበል? አሳዳጊ የበደላት አይለኝም?»

እውነቷን ነው። የሰው ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ቀድሞ የበላ በምን አፉ ይጠይቃል? ልጆቹ ግን እዚህ አድገው ይህን ከየት ይወቁት።

የኤልፍነሽ ጭንቀት ከዚህም ይብስ ነበር። የሳሮን አባት አቶ ወንዳፍራሽ ደንዉዲ ውስጥ የልብስ ንጽሕና መስጫ ያለው ሰው ነው። ሸሚዙ ላይ አንድ ጭምድድ አይታይም፤ ራሱም እንደ ሸሚዙ ቀጥ ያለ ነው። ስለ ኤልቃና በተነሣ ቁጥር፣ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ማን አለው?» ይላል አሉ። ይህች «ማን አለው» ከአፍ ወደ አፍ ተላልፋ ኤልፍነሽ ጆሮ ደርሳለች። ገብታም አልወጣችም።

«አባት የለውም ሊል ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ይህችን ልጅ ካጣ በእኔ ምክንያት ነው የሚያጣት። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ እልካለሁ። እርስዎ፣ አቶ አሸብርና አቶ ሕሩይ።»

«እኔ ደግሞ መቼ ሸመገልኩ?» አልኳት። ፀጉሬን የምቀባው በከንቱ አይደለም።

«ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ» አለች። «ለልጆቹ እንዳይነግሩብኝ። ከሰሙ ‹ማሚ፣ ሶ ክሪንጅ፣ ታሳፍሪናለሽ› ብለው ያስቀሩኛል።»

ኤልፍነሽን እምቢ ማለት አልችልም፤ የቻለም ሰው አላየሁ። ከባለቤቷና ከትንሽ ልጇ ጋር ዲቪ ደርሷት መጣች፤ ሻንጣዋን ፈትታ ሳትጨርስ ባሏ ታመመ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ባሏ አረፈ። እኛ ጎረቤቶቿ ተሰብስበን ወደ አገሯ ትመለስ ወይስ ትቆይ እያልን ስንከራከር፣ እሷ ልብሷን ቀይራ የሆቴል አልጋ ልታነጥፍ ሄደች። ከዚያ መጦሪያ ቤቱ ተቀጠረች። ለማንም አፋቸውን የማይከፍቱ አኩራፊ አዛውንት ለኤልፍነሽ ይከፍታሉ። «በሞቴ» ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። አንዲት አሮጊትማ ሌላ ሠራተኛ ልታጎርሳት ስትመጣ አፏን ዘግታ፣ «ፈርስት ሴይ በሞቴ» ትላለች አሉ።

ለኤልቃና እናቱም አባቱም እሷ ናት። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ «ዶናት ከአባት ጋር» የሚሉት የጠዋት ዝግጅት ነበረው። ልጁ ለእናቱ ሳይነግራት ቀረ፤ እሷ ግን ከሌላ ወላጅ ሰማች። የባሏን ኮት ደርባ ሄደች፤ በዚያች የሕፃን ወንበር ላይ ከአባቶቹ መሐል ተቀምጣ ዶናቷን በላች፤ ስለ እግር ኳስም ስትከራከር አረፈደች። ስለ እግር ኳስ የምታውቀው ኳሱ ክብ መሆኑን ብቻ ነው። ጺም መላጨትንም ያስተማረችው እሷ ናት፤ መጦሪያ ቤት ሽማግሌዎች ስትላጭ እጇ ስለለመደ። እና ይህች ሴት በሬን ደብድባ ሽማግሌ ሁን ስትለኝ ምን ልበል? ኮቴን ወደ ልብስ ንጽሕና መስጫ ወሰድኩ። ወደ አቶ ወንዳፍራሽ ሱቅ ግን አልወሰድኩትም፤ እንዳይጠረጥር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በእኔ ቫን ተነሣን። አቶ አሸብር ከፊት ተቀምጠዋል። አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ እዚህ የተማሪ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ሽምግልናን ግን ዋና ሥራዬ ብለው የያዙ ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባታቸውን አጥብቀው፣ በለሆሳስ ምርቃት ይለማመዳሉ። ኤልፍነሽ ከኋላ ናት። ዕቅዱ ግልጽ ነበር። እናት ከሽማግሌ ጋር ስለማትገባ እሷ ቫኑ ውስጥ ትጠብቃለች፤ ሕሩይ ከሥራው በቀጥታ መጥቶ በሩ ላይ ይገናኘናል፤ ሦስታችን ገብተን እንጠይቃለን፤ ከተፈቀደልን እሷ ትጠራና እራቱ ይበላል።

«ልቤን ስሙልኝ!» ትላለች ከኋላ። «እስቲ ልቤን ስሙልኝ፣ እናንተ ድረስ ይሰማል እኮ!» ከዚያ ትስቃለች። ከዚያ መስተዋት አውጥታ ሊፕስቲኳን ታያለች። ቫን ውስጥ ለሚቀር ሰው ሊፕስቲክ ምን እንደሚሠራለት አልጠየቅኳትም፤ እኔም ብሆን በደስታ መሪውን በጣቴ እየደበደብኩ ነበር የምነዳው።

ፓርክ አድርጌ ሞተር ሳጠፋ ስልኬ ጮኸ። ሕሩይ ነው። ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠራው።

«ካሳሁን፣ የሚቀይረኝ ልጅ ኮል አውት አደረገ፤ አልመጣም አለ። ሺፍቴን ጥዬ ብወጣ ነገ ሥራ የለኝም። በእግዜር ይቅር በሉኝ» አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

አቶ አሸብር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሁለት ሰው ሽምግልና የለም። ሁለት ሰው ምስክር ነው። ሌላ ቀን እንቅጠር» አሉ።

«ሌላ ቀን!» ብላ ጮኸች ኤልፍነሽ። «ሰውየው ውስጥ ተቀምጧል እኮ! ሳንገባ ብንቀር ምን ይላል? ‹ማን አለው ያልኩት ይኸው፣ ማንም የለውም› ይላል።»

«እንግዲያው ዝም ብለን ገብተን ብንበላስ?» አልኩ እኔ። እንዲህ ያልኩት ለሰላም ብዬ ነው፤ ሆዴም ድርሻ አልነበረውም አልልም። የሰማሁት የቫኑ በር ተንሸራቶ ሲከፈት ነው። ዞር ስል ኤልፍነሽ ውጭ ቆማ ጃኬቷን ትቆልፋለች።

«ሦስተኛው እኔ ነኝ» አለች።

«ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እናት ለልጇ ሽማግሌ ስትሆን አላየሁም» አሉ አቶ አሸብር ክራባታቸውን በእጃቸው እንደያዙ።

«ዛሬ ያያሉ» አለቻቸውና ቀድማን ሄደች።

ያ ቤት ደስ የሚል ጫጫታ አለው። ገና በሩን ሲከፍቱት ትልልቅ የውሃ ሣጥኖች አሉ፤ ጥፍራቸው በላስቲክ የታሰረ ሎብስተሮች አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣሉ፤ አንድ ወፍራም ዓሳ መስተዋቱ ጋ ተጠግቶ ገቢ ወጪውን ያያል። ጠረጴዛው ሁሉ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ሳህን ይጋጫል፤ ከጓዳ እሳቱ ሲንቦገቦግ ይሰማል። የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከበሩ ጀምሮ አፍንጫዬን ይዞ እየመራ አስገባኝ። ቁርስ ከቀመስኩ በኋላ ምንም አልቀመስኩም ነበር፤ ለዚህ ቀን ብዬ።

አቶ ወንዳፍራሽ ከባለቤቱ ከምህረትና ከልጁ ከሳሮን ጋር በክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ኤልቃናም አጠገባቸው ነው። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ሊን የሰውየውን ትእዛዝ በየሳምንቱ በቃሏ ስለምታውቀው ምግቡን እኛን ሳትጠብቅ አቅርባዋለች። በመሐል በሚሽከረከረው የመስተዋት ገበታ ላይ በዝንጅብልና በአረንጓዴ ሽንኩርት የተሠራ ሸርጣን ተቆልሏል። አጠገቡ ሙሉ ዓሳ፣ ከነራሱ በእንፋሎት የበሰለ፤ ከዚያ ወዲያ በጨውና በሚጥሚጣ ነገር የተጠበሰ ሽሪምፕ። ሁሉም ይጨሳል። አቶ አሸብር ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር በሃይማኖታቸው ስለማይበሉ ዓይናቸውን ዓሳው ላይ ብቻ አሳረፉ። እኔ በዚህ በኩል ህሊናዬ ሰፊ ነው፤ ሸርጣኑን አየሁና ምራቄን ዋጥኩ።

ጠረጴዛው ጋ ደርሰን በተርታ ቆምን። አንቀመጥም። እጅ አንዘረጋም።

«ማሚ?» አለ ኤልቃና ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ። «ጋሽ ካሳሁን? ዌይት፣ ዋት ኢዝ ሃፕኒንግ?»

ከሁለቱ ልጆች ቀድሞ የገባት ለሳሮን ነው። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ ወዲያው በእንባ ሞላ። አባቷ ደግሞ ገና ስንቆም ገብቶታል። ይዟቸው የነበሩትን ሁለት የመብያ እንጨቶች አስቀመጠ፤ እጁን ጠረገ፤ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ እንጂ» አለ።

«ጉዳይ አለን» አሉ አቶ አሸብር።

«ጉዳዩን ተቀምጣችሁ ትነግሩናላችሁ።»

ተቀመጥን። ሚስስ ሊን እየሳቀች መጥታ ሻይ ቀዳችልን፤ ሳህን ደረደረች፤ አስተናጋጁን ጠርታ ሩዝ አስጨመረች። ማንም አልነካም። እጄ ሳላስበው ወደ ሻይዋ ስትሄድ አቶ አሸብር ከጠረጴዛ በታች እግሬን ረገጡኝ። መለስኳት። ሚስስ ሊን ራቅ ብላ ቆመች፤ ሸርጣኑን አየች፤ እኛን አየች፤ ቅር አላት። ሆዴ በዚህ ሰዓት ጮኸ፤ ሁሉም ሰው ሰማው፤ ሁሉም ሰው እንዳልሰማ ሆነ።

አቶ ወንዳፍራሽ አቶ አሸብርን አየ፤ እኔን አየ፤ ኤልፍነሽን ዘለላት።

«የማየው ሁለት ሽማግሌ ነው» አለ።

«ሦስት ነን» አለች ኤልፍነሽ።

«ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ እርስዎ እኮ እናቱ ነዎት።»

«እናቱ ውጭ ቫን ውስጥ ተቀምጣ ልቧ ሊወጣ ነው» አለች። «እኔ የገባሁት በአባቱ በኩል የሚቆም ሰው ስለጎደለ ነው።»

ምህረት ፈገግታዋን በናፕኪን ሸፈነች። አቶ ወንዳፍራሽ አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣምም። ቀጥሉ በሚል ዓይን አቶ አሸብርን አያቸው። እሳቸውም ተነሡ፤ እኛም ተነሣን። «ጨዋ ልጅ አሳድገናል፤ ጨዋ ልጅ ማሳደግዎንም ሰምተናል። ልጅዎን ሳሮንን ለልጃችን ለኤልቃና እንዲሰጡን ለመጠየቅ መጥተናል» አሉ። አሳምረው አሉት፤ አጠገባችን የተቀመጡት የሌላ ጠረጴዛ ሰዎች እንኳ ቋንቋውን ሳያውቁት መብላታቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር።

«ተሰምቷል» አለ አቶ ወንዳፍራሽ። «እኛም የምንማከረው ቤተሰብ አለን። ሌላ ጊዜ ተመልሳችሁ ኑ፤ መልሱን ያን ጊዜ ትሰማላችሁ።»

አቶ አሸብር ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጅ የሚሰጥ አባት ልጁን ያረከሰ ይመስለዋል። ኤልቃና ግን ፊቱ ነጣ።

«ሶ... ኢዝ ዛት ኤ ኖ?» አለ።

«ኖ አይደለም፤ ደንብ ነው። አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት።

ኤልፍነሽ ለአቶ ወንዳፍራሽ እጅ ነሣች፤ ለምህረት እጅ ነሣች፤ አንዲት ጠብታ ሻይ ሳትቀምስ በገባችበት ክብር ወደ በሩ ሄደች። ሚስስ ሊን የመውሰጃ ሣጥን ይዛ፣ «ኖ ጉድ? ቱ ጎ? ቱ ጎ?» እያለች እስከ በሩ ተከተለችን። እኔ ልቀበላት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አቶ አሸብር ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ።

ውጭ ስንወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። የቫኑን ቁልፍ አወጣሁ። ኤልፍነሽ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም። በመስተዋቱ ወደ ውስጥ ታያለች።

«ምን አለ? ቃል በቃል ንገሩኝ» አለች።

«ሌላ ጊዜ ተመልሳችሁ ኑ አለ» አሉ አቶ አሸብር።

«ቀን ቆረጠ?»

«አልቆረጠም።»

«እንግዲያው ያልቆረጠውን እኛ እንቁረጥለት። ወጥተናል፤ ተመልሰን እንግባ።»

አቶ አሸብር እንደ ተሰደቡ ሆኑ። «ይህ ቀልድ ነው፣ ወይዘሮ ኤልፍነሽ! ሰው ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ይታገሣል። ያሰላስላል።»

«ምኑን ነው የሚያሰላስለው?» አለች ወደ እሳቸው ዞራ። ዓይኗ ያበራ ነበር። «ቤቱ ሄዶ ሁለት ሳምንት ካሰበ የሚያስበው የሌለንን ነው። አባት የለው፣ አጎት የለው፣ ሦስተኛ ሽማግሌ እንኳ ጎድሎት መጣ ይላል። አሁን ግን ያየው ያለንን ነው። ጋሽ ካሳሁን አሉ፤ እርስዎ አሉ፤ እኔ አለሁ። ይህ ከዓይኑ ሳይጠፋ እንግባ። ደግሞ እዩት፤ እሱም አልበላም!»

ተጠግቼ በመስተዋቱ አየሁ። እውነት ነው። ምግቡ እንዳለ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ ወደ ሚስቱ አዘንብሎ ያወራል፤ ምህረት በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ትመልስለታለች፤ ሳሮን መሐል እየገባች ሁለቱንም ታቋርጣለች። እየተማከሩ ነው።

አቶ አሸብርም አዩ። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ «እሺ፤ ግን ከበሩ ላይ ዝም ብሎ መመለስ ነውር ነው። ቢያንስ ሕንፃውን እንዙረው። መንገድ ሄደን መጣን ብንል እንዳንዋሽ» አሉ።

ዞርነው። ሦስት ሽማግሌ፣ አንዷ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ በቻይናዎች ምግብ ቤት ጀርባ፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል፣ ዘይት የነካው አስፋልት ላይ እየተጠነቀቅን በተርታ ሄድን። በጓዳው በር ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት ወጥ ቤቶች ከእነ ሽርጣቸው ተነሥተው አሳለፉን። ኤልፍነሽ ሳቋ መጣባት። እሷ ስትስቅ እኔም ያዘኝ። አቶ አሸብር መጀመሪያ ተቆጡ፤ ጥጉን ስንታጠፍ ግን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከበሩ ፊት ስንደርስ ሦስታችንም እንባችንን ጠርገን፣ ፊታችንን አጠንክረን ገባን።

ሚስስ ሊን ስታየን አጨበጨበች። አቶ ወንዳፍራሽ እንደ መጀመሪያው ተነሥቶ ቆመ። እኛም በተርታ ቆምን። አንድ ጊዜ ሦስታችንንም አየን፤ በተለይ ኤልፍነሽ ጫማ ላይ የተጣበቀችውን የሽንኩርት ቅጠል ቆይቶ አያት።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አለ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ።

«ረጅም ነበር» አሉ አቶ አሸብር። «ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደርሰናል።»

ምህረት ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ጮክ ብላ ሳቀች። ሳሮንም ሳቀች። ኤልቃና ብቻ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው እናቱንና የሳሮንን አባት በየተራ ያያል። እኔ አሁን አለቀ፣ አሁን ሸርጣኑ ሊበላ ነው ብዬ ነበር። ግን አቶ ወንዳፍራሽ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ኤልፍነሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ሌላ ሰው አይመልስልኝም፤ እርስዎ ነዎት የሚመልሱልኝ» አለ። «ልጅዎን አልጠላሁትም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አባቴ እህቴን ሲድር ከባልየው በኩል የሚጠራው ሰው ነበረው። ተጣሉ ሲሉት አባትየውን ይጠራል፤ ተቀምጠው ያስታርቃሉ። እዚህ አገር ልጄ አንድ ቀን እያለቀሰች በሬን ብትመታ ማንን ልጥራ? ፖሊስ ልጥራ? ጠበቃ ልጥራ? ማንን?»

ጥያቄው ቀልድ አልነበረበትም። እስከ ዛሬ «ማን አለው?» ሲል የኖረው ይህን ማለቱ እንደነበር አሁን ገባኝ። ሰውየውን በንቀት የሚናገር አድርጌ ስለቆጠርኩት ተሳስቻለሁ፤ ሰውየው ፈርቶ ነው።

«እኔን ይጥሩኝ» አለች ኤልፍነሽ።

«ሥራ ላይ ቢሆኑስ?»

«ሥራ ላይ ሆኜም ይጥሩኝ። ልጄ አጥፍቶ ከሆነ እርስዎ ፊት አቁሜ እቆጣዋለሁ፤ እናቱ ነኝ ብዬ አልሸፍነውም። ልጅዎ አጥፍታ ከሆነም እርስዎን ፈርቼ አልደብቅም። እኔን ቢያጡኝ እነዚህ ሁለቱ አሉ። ይህን ልጅ ብቻዬን አሳደግኩት ይሉኛል እንጂ ብቻዬን አላሳደግኩትም። ሌሊት ሲያተኩሰው በሩን ደብድቤ ያስነሣሁት ሰው ይኸው ቆሟል።»

እኔን ነው ያለችው። «አለሁ» አልኩ። በዚያ ማታ ሸርጣኑን ረስቼ የቆየሁት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

አቶ ወንዳፍራሽ የመብያ እንጨቶቹን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። ኤልፍነሽ የጃኬቷን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ሳሮን አባቷን ታያለች።

«ወንዴ፣ ስጥ እንጂ ልጅቷን! ዓሳው በረደ!» አለች ምህረት።

«ሰጥተናል» አለ አቶ ወንዳፍራሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ምህረት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ኤልፍነሽ ተቀበለቻት፤ ያ ሁሉ ቤት ፀጥ ብሎ ዞረና ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። ሕፃናቱ ወንበር ላይ ወጡ። ሚስስ ሊን ሳሮንን አየች፤ ኤልቃናን አየች፤ ለማስረዳት ቃል አላስፈለገም፤ ሁለቱንም አቀፈቻቸውና አንድ ትልቅ ሎብስተር ከውሃው አውጥታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ኤልቃና እናቱን ከመሬት አንሥቶ፣ «ማሚ፣ ዩ አር ክሬዚ! ክሬዚ ነሽ እኮ!» እያለ ያለቅሳል። እሷ በአንድ እጇ ትመታዋለች፣ በሌላው አንገቱን አቅፋዋለች። አቶ አሸብር ሳያስቡት ሳሙኝ። እኔም የቀኝ እጄን ወደ ሸርጣኑ ላክሁ።

«ቆዩ!» አለ አቶ ወንዳፍራሽ። «ምርቃቱስ?»

እጄን መለስኩ። ሁላችንም ቆምን፤ ልጆቹ አጎንብሰው ፊት ለፊት ቆሙ። አቶ አሸብር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ክራባታቸውን አስተካከሉ፤ ከስኮትዴል ጀምረው ሲለማመዱት የነበረው ምርቃት አፋቸው ላይ ደርሷል።

«አቶ አሸብር፣ ይቅርታዎን» አለ አቶ ወንዳፍራሽ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ዛሬ ሦስተኛዋ ሽማግሌ ይመርቁልን።»

አቶ አሸብር ደነገጡ፤ ከዚያ ኤልፍነሽን አዩና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ቦታውን ለቀቁላት።

አስፋልቱ ላይ ያሳቀችን፣ ሰው ሁሉ የሚፈራውን ሰው ያሳመነች ኤልፍነሽ የተቆለፈ ጃኬቷን እንደገና ለመቆለፍ ትታገል ጀመር። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት መርቃ አታውቅም፤ መርቂ ያላትም የለም። ልጇን አየችው። ቁመቱ ከእሷ በላይ ሆኗል፤ አጎንብሶላት እንኳ ፀጉሩን ለመንካት እጇን ከፍ ማድረግ ነበረባት። አንዱን እጇን በእሱ ራስ፣ ሌላውን በሳሮን ራስ ላይ አኖረች።

«ሳሮን ልጄ» አለች፤ «ልጅ ብቻሽን ከማሳደግ ይሰውርሽ።»

«አሜን» አልን።

«ኤልቃና» አለች። እዚህ ላይ ቆመች፤ ትንፋሽ ወሰደች። «ኤልቃና ልጄ፣ የልጅህን ሠርግ በዓይንህ ለማየት ያብቃህ።»

ሁላችንም አሜን አልን፤ የአቶ ወንዳፍራሽ ድምፅ ግን ከሁላችን በላይ ነበር።